የየኔታ ባትሪ ድንጋዮች

መጀመሪያ የማመሰግነው ድመቷን ነው። ሰው እያለ፣ መልአክ እያለ ከድመት መጀመር ነውር መሆኑ አይጠፋኝም። ግን እሷ ማሰሮውን ባትደፋው ኖሮ እኔ ይኸኔ ብቸና ገብስ እያሳረርኩ ነበር እንጂ ሞጣ ተቀምጬ ይህን አልጽፍም። ስለዚህ ምስጋናው በተራ ይሂድ፤ ድመቷ፣ ቀጥሎ የኔታ፣ ቀጥሎ ቲቸር ነጅዋ። እኔን የሚያመሰግን ከጠፋ ደግሞ ለራሴ ትንሽ አስቀራለሁ።

ይርጋነሽ እባላለሁ፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የየጁቤ ልጅ ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ሰባተኛ ልገባ ስል የአጎቴ ሚስት ዐረፉና እናቴ «ለአንድ ክረምት ብቻ ሄደሽ ቤቱን ያዥላቸው» ብላ ብቸና ላከችኝ። የዚያ ክረምት ዝናብ እስካሁን አላባራም፤ አራት ዓመት ሆነው።

አጎቴ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ዳዊቱንም ድርሳኑንም ብራና ላይ በእጃቸው ይጽፋሉ፤ ቀለሙንም ራሳቸው ያዘጋጃሉ። አጎቴ ቢሆኑም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነው የምላቸው፤ እሳቸውም እንደ ተማሪ ነው የሚቆጡኝ። ትምህርት ቤት ያስተማረኝ ማንበብ ነው። መጻፉን ያገኘሁት ከየኔታ ነው። አንዱን ምስጋና ከዚህ ላይ ያዙላቸው።

ስለ የኔታ ሁለት ነገር ልንገራችሁ፤ ኋላ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ከካቻምና ጀምሮ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ብርዑን ሲይዙ ጸጥ ይላል፤ ሲያስቀምጡት ይጀምረዋል። ስለሱ ማንም አያወራም። አፌ የማያርፈው እኔ እንኳ አላወራም። ሁለተኛው፣ የኔታ ባትሪ ድንጋይ አይጥሉም። «ባትሪ ደከመ እንጂ ሞተ አይባልም» ነው የሚሉት። የሬዲዮናቸው ድምፅ ሲሰልል ድንጋዮቹን ያወጡና አንዳንድ ጊዜ በጥርሳቸው ነከስ አድርገው፣ ከዚያ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ያስመቷቸዋል። አንዳንዱ እውነትም ተነሥቶ የአንድ ዜና ዕድሜ ያህል ያወራል። አሥራ አራት ድንጋይ መስኮቱ ላይ ተደርድሮ ትንሣኤውን ይጠብቅ ነበር።

ቲቸር ነጅዋ የመጣችው በጥቅምት ነው። በር ተንኳኳና ስከፍት አንዲት ረዥም ሴት፣ ሒጃቧ አቧራ የጠጣ፣ ቦርሳዋ ከእሷ የሚከብድ።

«የመሪጌታ ቤት ይህ ነው?»

«ነው። ክታብ ከሆነ ግን አይጽፉም» አልኳት፤ የሚመጣው ሰው ግማሹ ለዚያ ነውና።

ሳቀች። «ክታብ አይደለም፤ ቀለም ፈልጌ ነው። ሞጣ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ።»

የኔታ ከውስጥ ሰምተዋል። «የኬሚስትሪ አስተማሪ በጥላሸት ምን ይሠራል?» አሉ ሳይነሡ።

እሷም ደጃፉ ላይ እንደቆመች ተናገረች። አያቷ ሼኽ አብዱሰመድ ቁርኣን ያስቀሩ ነበር አሉ። ልጆቹ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፣ ሲያበቁ ያጥቡታል፣ ቀለሙን ሼኹ ራሳቸው ከጥላሸት ይሠሩታል። «አሠራሩን ለማንም ሳይነግሩ ሞቱ። የሰሌዳው እንጨት ግን ሺህ ጊዜ ታጥቦም እስከ ዛሬ ጥቁር ነው። ያንን የመሰለ ነው የምፈልገው።»

የኔታም፣ «እንግዲያው በእጅ ሙያ ዘመድ ነሽ። ምን ደጅ ያስቆምሻል? ግቢ» አሏት።

ገብታ ያስረዳችን ነገር ሲጨመቅ እንዲህ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። ሐሳቧ ጣት በምታህል ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም መስመር ማስመር ነው። ወረቀቷ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ትነከርና መስመሩ ኤሌክትሪክ እያስተላለፈ፣ ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ ውሃው ውስጥ መግባት አለመግባቱን ይናገራል። ማዳበሪያ የገባበት ውሃ በተለይ ጡጦ ለሚጠባ ሕፃን አደገኛ ነው። የፋብሪካውን ቀለም ከውጭ አዝዛ ሰባት ወር ጠበቀች፤ ሲደርስ ቆርቆሮው ውስጥ ደርቆ እንደ ከሰል ይንኳኳል። ያን ጊዜ ነው አያቷ ትዝ ያሏት።

«ጥላሸት ካርቦን ነው» አለች። «ከሰልም ካርቦን ነው። የእርሳስ ልቡም፣ አልማዝም እንደዚያው።»

«አልማዝም?» አልኩ።

«አልማዝም። አንድ ዘር ናቸው፤ አደራደራቸው ነው የሚለየው።»

«ታዲያ የየኔታ ጣሪያ ላይ ጥቀርሻው ብቻ የወጣው ለምንድን ነው?»

«አንቺ!» አሉ የኔታ። ቲቸር ነጅዋ ግን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ያኔ ነው የወደደችኝ መሰለኝ።

የኔታ ከቀለም ቀንዳቸው ጠብ አድርገው ሰጧት። ወረቀት ላይ አሰመረች፣ አደረቀች፣ ቴስተሯን አውጥታ ሁለቱን ሽቦዎች መስመሩ ላይ አሳረፈች። ኤሌክትሪክ ካለፈ ይጮኻል አለች። ጆሯችንን አቅንተን ጠበቅን። ዝም። የኔታ ትንሽ ተቀየሙ፤ ቀለማቸው ላንድ ጊዜ እንኳ ጎድሎ ተገኝቶ አያውቅማ።

«ሙጫው በዝቶበት ይሆናል» አለች። «ሙጫ መንገድ ይዘጋል። ሙጫው ቢቀነስ፣ ጥቀርሻው ቢበዛ…»

«ሦስት ወር ይፈጃል» አሉ የኔታ። ቀለም እንዲህ ነው፤ ጥላሸቱ፣ ያረረው ገብስና የግራር ሙጫው በድንጋይ ይፈጭና በውሃ ተበጥብጦ ማሰሮ ይገባል፤ ከዚያ በየቀኑ ማማሰል ነው።

«እጠብቃለሁ» አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ጥግ ላይ ያለውን የተጻፈበት ብጣሽ ብራናም አየች። «ይህ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ።»

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

ይህን ጥያቄ አልወደውም። «ስድስተኛ ነበርኩ ነው የሚባለው» አልኳት።

ለየኔታ ነው የመለሰችው። «መሪጌታ፣ ይህ ቀለም ከሠራ ልጅቱን ሞጣ ልውሰዳት። እናቴ ዘንድ ትኖራለች፤ ቀለሙን ትሠራልኛለች፤ በመስከረም ሰባተኛ ትገባለች።»

የኔታ ወደ ቀለም ቀንዳቸው አዩ። «ቀለሙ ከሠራ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ማሰሮ እንደ አራስ ልጅ ጠበቅኋት።

ብቸና ውስጥ ጥቀርሻ መለመን ምን እንደሆነ የማያውቅ ይጠይቀኝ። ሰው ሁሉ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝቷል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኗል፤ ጥቀርሻ እንደ ቅቤ ተወዷል። ቤት ለቤት ዞሬ «እማማ፣ የድስትዎን ቂጥ ልፋቅልዎ?» እላለሁ። አንዷ ለመተት መስሏት «የማነሽ ደጋሚ!» ብላ በውሃ አባረረችኝ። አንዷ ደግሞ ሦስት ድስት አስፍቃኝ ሲያበቃ ሌላ ሰባት አመጣችልኝ፤ አጣቢ አገኘች። ስሜ ይርጌ ጥቀርሻ ሆነ። ግን ሞላ፤ በኅዳር አጋማሽ ማሰሮዋ እስከ አንገቷ ሞላች።

በጥር የኔታ ብራና ለመጠረዝ ለሦስት ቀን ደብረ ወርቅ ሄዱ። ሲወጡ «ማሰሮውን ክደኚ» አሉኝ። አራት ጊዜ ነው ያሉኝ። በመጀመሪያው ቀን እያማሰልኩ ሳለ በበራችን ሙሽራ አለፈ። ከበሮ ከሰማሁ እግሬ የእኔ አይደለም። ማማሰያውን እንደያዝኩ ወጣሁ፤ ከሙሽራው ፊት ማማሰያ ይዤ እስክስታ ወረድኩ። ስመለስ ማሰሮዋ በጎኗ ተኝታለች፣ መሬቱ ከግማሽ በላዩን ጠጥቶታል፣ ነጯ ድመታችን ደግሞ ከወገቧ በታች ጥቁር ሆና መደብ ላይ ትላሳለች።

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰባተኛ ክፍል ነው መሬት ላይ የፈሰሰው። ድጋሚ ልለምን ብል በከተማው ያልፋቅኩት ድስት የለም። ብናገር የኔታ «አልሠራም በያት» ብለው ነገሩን እዚያው ይቀብሩታል። ቀና ስል ዓይኔ መስኮቱ ላይ አረፈ። አሥራ አራት።

አምስተኛ ክፍል ሳለን በየመስከረሙ ሰሌዳ የምናጠቁረው እኛ ነበርን፤ ባትሪ ድንጋይ ሰብረን፣ ጥቁሩን ዱቄት ከከሰል ጋር ለውሰን። ስለዚህ ባትሪ ውስጥ ጥቁር እንዳለ አውቃለሁ። ዱቄቱን አልፈለግሁትም፤ ይሸታል፣ የኔታ አፍንጫቸው ደግሞ ከዓይናቸው ይበልጣል። መካከሉ ላይ ግን እርሳስ የመሰለ ጥቁር ዘንግ አለ፤ አይሸትም። አሥራ አራቱን ዘንግ አውጥቼ፣ አጥቤ፣ ቀለም በምንፈጭበት ድንጋይ ሁለት ቀን ሙሉ ፈጨሁ። ክንዴ እስኪዝል። ዱቄቱን ከተረፈው ቀለም ጋር ውሃ ጨምሬ በጠበጥኩት፤ ማሰሮዋ ሞላች፤ ክዳኗን ጫንኩባት፤ በክዳኗ ላይ ድንጋይ። ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

የኔታ ሲመለሱ መጀመሪያ ያዩት ድመቷን ነው። «ይቺ ደግሞ ምን ነክቷት ነው?»

«አድጋ ነው፣ የኔታ።»

«ባትሪዎቼስ?»

«አይጥ ይሆናል» አልኳቸው። ባትሪ የሚበላ አይጥ! እሳቸው ግን ያን ሳምንት ሁሉ መደቡን በበትር ሲጎረጉሩ ከረሙ። ይቅር ይበለኝ።

በየካቲት ማሰሮዋ ስትከፈት ብርዑን ነክረው ብራና ላይ አንድ ፊደል ጻፉ፤ ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርገው አዩት። «ይህ ቀለም ያብረቀርቃል» አሉ። «የእኔ ቀለም አያብረቀርቅም።»

«ሙጫው ስላነሰ ነዋ፣ የኔታ። ደግሞስ እጄ የተባረከ ነው።»

አዩኝ። እንደ ድሮው ቢሆን በዚያች አስተያየት ብቻ እናዘዝ ነበር። ቲቸር ነጅዋ ግን በሩ ላይ ደርሳ ነበር። አሰመረች፣ አደረቀች፣ ሽቦዎቹን አሳረፈች።

ጢጥ አለ።

አነሣች፣ መለሰች። ጢጥጥጥ። «አልሐምዱ ሊላህ!» ብላ ዘላ የኔታን ልታቅፍ ስትል ትዝ አላትና እኔን አቀፈችኝ። የኔታ ከደስታቸው ብዛት ኮሩ፤ «አርባ ዓመት የተሠራበት ሙያ ነው» አሉ። እኔ ታቅፌ ቆሜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ፤ ጥቀርሻው ነው የጮኸው ወይስ የየኔታ ሬዲዮ?

እንዲህ ሆኜ ሞጣ ገባሁ። ደብረ ወርቅን፣ ግንደወይንን አልፈን፣ ማሰሮዋ ጭኔ ላይ። የቲቸር ነጅዋ እናት እማማ ኸይራት በር ላይ ተቀበሉኝ። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ነው የገቡት፤ እኔም ጾመኛ፣ እነሱም ጾመኛ።

«ስንት ሰዓት ትፈቻለሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ዘጠኝ ሰዓት፣ እማማ።»

«አይ ጮሌ! እኛ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት። ሽሮሽን በራሱ ማሰሮ ነው የምሠራልሽ፤ ቅቤ የነካው ጭልፋ ከገባበት ሁለተኛ ልጄን እንዳታምኚኝ።»

ለዚያች ማሰሮ እማማ ኸይራትን አመሰግናለሁ። እስከ ዛሬ መደርደሪያው ላይ ለብቻዋ ናት፤ የቤቱ ሰው «የይርጌ ገዳም» ይላታል።

በሳምንቱ የቲቸር ነጅዋ አማካሪ ከዩኒቨርሲቲ መጡ፤ ዶክተር ምንይሉ። አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉ ሰው ናቸው። በትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ሦስታችን ተቀመጥን። ቲቸር ነጅዋ ደብተሯን ዘረጋች፤ አሥራ አንድ ገጽ ቁጥር። በመጀመሪያው ገጽ «ቀለሙን ያዘጋጁት» ይልና የየኔታ ስም፣ ከሥሩ የእኔ ስም። ስሜን በእስክሪብቶ ተጽፎ ሳየው ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

ዶክተሩ ቁጥሮቹን አዩ፣ መስመሩን ራሳቸው ለኩ፣ መነጽራቸውን ፈልገው አጡ፣ አገኙ። «ነጅዋ፣ ይህ በጣም ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ «ከመጠን በላይ ጥሩ ነው» አሉ። የምድጃ ጥቀርሻ እንዲህ አያስተላልፍም፤ እሳቱ ያንን ያህል አይግልም አሉ። «ሰውየውን ላነጋግራቸው እችላለሁ?»

ቲቸር ነጅዋ ስልክ ደወለች፤ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው።

«መሪጌታ፣ እንደምን ዋሉ?» አሉ ዶክተሩ። «ቀለምዎን አደነቅነው። ምን ምን ገባበት?»

«ጥላሸት፣ ያረረ ገብስ፣ ሙጫ።»

«ሌላ ምንም የለም?»

«ሌላ ምን ይገባበታል?»

«ምናልባት ሳይታወቅ… የሆነ ነገር…»

በስልኩ ውስጥ የየኔታ ትንፋሽ ተሰማ። ተቆጥተዋል። «ዶክተር፣ እኔ አርባ ዓመት ቀለም በጥብጫለሁ። በዚህ ቀለም ስመ እግዚአብሔር ጽፌበታለሁ። ሌላ ነገር ካለበት፣ ይህች ብርዕ የያዝኩባት ቀኝ እጄ…»

ምን ሊሉ እንደሆነ አወቅሁ። «ትድረቅ» ሊሉ ነው። ያቺ እጅ፣ ብርዕ ስትይዝ ብቻ የምታርፈው እጅ። በሐሰት የሚምል ሰው መሐላው ይደርስበታል፤ የኔታ ደግሞ ሐሰት መሆኑን ሳያውቁት ነው የሚምሉት። ሰባተኛ ክፍልም፣ ሞጣም፣ ስሜ ያለበት ገጽም ከዓይኔ ጠፉ።

«የኔታ፣ አይማሉ!» ብዬ ጮኽኩ። «አይማሉ! ባትሪ አለበት!»

ዶክተሩ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ሙሽራው፣ ማማሰያው፣ ድመቷ፣ ዘንጎቹ። ሳላለቅስ ለመጨረስ አስቤ ነበር፤ ድመቷ ጋ ስደርስ አልቻልኩም። ስጨርስ ከስልኩ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አሥራ አራቱንም?»

«አሥራ አራቱንም፣ የኔታ።»

«ያቺን ገና ትንሽ ነፍስ የነበራትንም?»

ዶክተር ምንይሉ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ትከሻቸው ግን ይስቃል። «መሪጌታ» አሉ ሲረጋጉ፣ «ልጅቱን አይቆጧት። እጅዎን አትርፋለች፤ የእኛንም ስም አትርፋለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የባትሪ ዘንግ ከምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ?»

«ከጥቁር።»

«ከካርቦን። በደንብ የተደራረበ ካርቦን ነው፤ የእርሳስ ልብ ዘመድ። ካብ ሲካብ አይተሻል? የዘንግሽ ዱቄት ድንጋዩ ነው፤ ጥቀርሻው በድንጋዩ መካከል ገብቶ ክፍተት የሚሞላው ጭቃ ነው። ድንጋይ ብቻውን ክፍተት አለው፤ ጭቃ ብቻውን አይቆምም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ኤሌክትሪክ መንገድ የሚያገኘው። በዓለም ላይ ይህን ቀለም የሚሠሩ ሰዎች ሁለቱን ነው የሚቀላቅሉት።»

«ታዲያ አዲስ ነገር አላገኘሁም ማለት ነው?»

«አላገኘሽም» አሉ ሳይደብቁ። «ግን ዛሬ ካርቦን ላይ የሚመራመር ሁሉ ወደ ቆሻሻው ነው የዞረው። አንዱ ከኮኮናት ቅርፊት፣ አንዱ ከገለባ፣ አንዱ ከተጣለ ባትሪ። ከሞተ ባትሪና ከድስት ቂጥ፣ በግራር ሙጫ፣ ብቸና ላይ የሠራ ግን እስካሁን አላነበብኩም። በልክ ከተሠራ ይጻፋል።»

እኔ ይህን ሁሉ እየሰማሁ የማየው ቲቸር ነጅዋን ነው። አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አነሣችና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ መስመር አሰመረች። ገለበጠች፣ አሰመረች። አሥራ አንዱንም ገጽ። ሦስት ወር ሙሉ ነው የተሰረዘው። ቀድዳ ትጥለው መስሎኝ ነበር፤ አልቀደደችም።

ወደ ቤት ስንሄድ ደብተሯን ይዛ ቀደመችኝ። ከኋላ ከኋላዋ ተከተልኳት፤ ሞጣ ውስጥ እንዲያ ዝም ብዬ የሄድኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ልብሴን በፌስታል ቋጠርኩ። አዛን ሲል እማማ ኸይራት ቴምሩን ይዘው መጡ፤ ፌስታሉንም አዩ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ወደ ብቸና ልሄድ ነው፣ እማማ።»

«ማን ሂጂ አለሽ?»

ቲቸር ነጅዋን አየኋት። ቴምሯን ቀምሳ፣ ውሃዋን ጠጥታ ነው የመለሰችልኝ።

«ተናድጄብሻለሁ» አለች። «ነገም እናደዳለሁ። ግን ዛሬ ባትናገሪ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ይህን ጽፌ አወጣ ነበር። ሌላ ሰው በጥቀርሻ ይሞክረዋል፣ አይሠራለትም፣ ነጅዋ ዋሸች ይላል። እኔም አልዋሸሁም ብዬ እምል ነበር። እንደ አጎትሽ።»

«ደብተሩን ለምን አልቀደድሽውም?» አልኳት። ሁልጊዜ እርስዎ ነበር የምላት፤ ያኔ አምልጦኝ ነው። እስካሁንም አንቺ ላይ ቀረሁ።

«የላብራቶሪ ደብተር አይቀደድም። ይሰረዛል፤ የተሰረዘውም ይነበባል። ስህተቱም የሥራው አካል ነው።»

እኔ ያደግሁት ስህተት በሚፋቅበት ቤት ነው። የኔታ አንድ ፊደል ከተሳሳቱ ምላጭ አንሥተው ብራናውን ይፍቁታል፣ በድንጋይ ያለሰልሱታል፣ ደግመው ይጽፉበታል፤ ማንም አያውቅም። እኔም ያንን ነው ያደረግሁት፤ የፈሰሰውን ፋቅሁት፣ በላዩ ደገምኩበት። ክፋት አልነበረም፤ ሌላ መንገድ መኖሩን አላውቅም ነበር።

«ብዪ፣ ብዪ» አሉ እማማ ኸይራት ሳምቡሳ እያቀረቡልኝ። «የምስር ነው፤ ዘይቱም ንጹሕ ነው። ሌባ ሲናዘዝ ይርበዋል።»

በማግስቱ አዲስ ደብተር ሰጠችኝ። «ማሰሮው ውስጥ የሚገባውን ሁሉ አንቺ ነሽ የምትጽፊው። ዝንብ ከገባ ዝንብ ብለሽ ጻፊ።»

አምስት ማሰሮ ተከልን። አንዱ ጥቀርሻ ብቻ፣ አንዱ ዘንግ ብቻ፣ ሦስቱ በተለያየ ልክ የተቀላቀሉ። በላብራቶሪ ሦስት ወር እንደማይጠበቅም ተማርኩ፤ ለብራና እንጂ ለወረቀት ሳምንት ይበቃል። የጥቀርሻው ማሰሮ ዛሬም ዝም ነው። የዘንጉ ብቻውን ይጮኻል፤ ግን ሲደርቅ ይረግፋል። ከሁሉ የተሻለው ሁለት እጁ ዘንግ፣ አንድ እጁ ጥቀርሻ የሆነው ነው። በደብተሬ ላይ አለ። ሦስተኛው ማሰሮ ውስጥ አንድ ዝንብ መግባቷም አለ፤ ሰዓቷ ጭምር። ማዳበሪያውን የምትናገረዋ ወረቀት ገና ናት፤ አንድ ቀን ትናገራለች፣ አንድ ቀን ታኮርፋለች። ቲቸር ነጅዋም እንደዚያው። መናደዷ ግን አልፏል፤ ቢያንስ እኔ እስካላስቆጣኋት ድረስ።

ሰባተኛ ክፍል ስሜን አስመዝግባለች። ከእኔ በሦስት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር ነው የምቀመጠው። ይቀመጡ እንጂ ከእኔ ጋር፤ ዕድላቸው ነው።

የኔታ ግን ሦስት ወር ሙሉ ስልክ ሲደወል «ደኅና ናት?» ብለው ቲቸር ነጅዋን ይጠይቃሉ እንጂ እኔን አላነጋገሩኝም። የሆነውን ሁሉ ትነግራቸዋለች፤ ማሰሮዎቹንም፣ ደብተሩንም፣ ስለ መሰረዙም። ሰምተው «እሺ» ይላሉ አለችኝ። በግንቦት መጨረሻ ከብቸና የመጣ የአውቶቡስ ረዳት አንድ የዘይት ቆርቆሮ ይዞ ቤት ድረስ መጣ። «ከመሪጌታ ነው። ምን ሞልተውበት ነው እናንተ? ወገቤን ቆረጠኝ» አለ።

ከፈትኩት። ባትሪ ድንጋይ። ትንሹ፣ ትልቁ፣ የዛገው፣ የጥርስ ምልክት ያለበት። የኔታ በዚያ እጃቸው ቤት ለቤት ዞረው ለምነዋል፤ እኔ ድስት እንደለመንኩት። «የደከመ ባትሪ አላችሁ?» ሲሉ ታየኝ። አሁን ደግሞ ሰዉ ምን ስም አውጥቶላቸው ይሆን?

ከላይ አንዲት ብጣሽ ብራና ነበረች። ጽሕፈቷ የየኔታ ነው፤ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። «ለልጄ ለይርጋነሽ። ይህ የተሰረቀ አይደለም፤ የተሰጠ ነው» ይላል። «የተሰጠ» ከሚለው ቃል በፊት አንድ ፊደል ተሳስተዋል። ብራናውን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጌ አየሁት። ምላጭ አልነካውም። ከላዩ ላይ አንድ ቀጭን መስመር አስምረውበት አልፈዋል፤ የተሳሳተው ፊደል ከሥሩ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።